ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ይግባ

በዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሰሞን ደቡብ ጎንደር፣ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ የቆመ ሰው አዲስ ገቢውን ተማሪ ለመለየት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ብርድ ልብሱ ያሳብቅበታል። ገና ከላስቲኩ ያልወጣ፣ ነብር ወይም ጽጌረዳ የታተመበት ብርድ ልብስ በሲባጎ ታስሮ ቅጥቅጡ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ከጎኑ አፉ የተሰፋ ማዳበሪያ ይጫናል፤ ውስጡ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ምናልባትም የእናት በርበሬ አለ። አባት ረዳቱን ደጋግመው «አደራ፣ ጠበቅ አድርገህ እሰረው» ይላሉ። ረዳቱ «እሺ ጋሼ» ይበል እንጂ ስለ ብርድ ልብስ አደራ ሲሰማ የዋለ ሰው ስለሆነ ፊቱ ላይ ብዙ ነገር አይነበብም።

ብርድ ልብሱ የተገዛው ማስታወቂያው ስላዘዘ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡት ጥሪ ከግቢ ግቢ ብዙም አይለያይም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይላል፤ ቀጥሎም አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ብርድ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዘረዝራል። አልጋና ፍራሽ የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ከላይ የሚደረበው የቤተሰብ።

እኔን የሚገርመኝ ማስታወቂያው የማይጠይቀው ነው። አባትህ ስንት ጥማድ ያርሳል አይልም። ስንት ወንድምና እህት አለህ፣ ከስንት ኪሎ ሜትር መጣህ፣ ቤተሰብህ በወር ስንት ያገኛል የሚል መስመር የለውም። ከስማዳ ቆላ የመጣውም ሆነ የነጋዴ ልጅ የሚያቀርበው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ግድየለሽነት ያየዋል፤ ድሃውን ከሀብታም ያልለየ ሥርዓት ብሎ የሚተችም አለ። እኔ ደግሞ የስማዳን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያሳደረው ይኸው አለመጠየቁ ነው ባይ ነኝ።

በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ሥርዓት አጭር ነው። ጥበቃው ወረቀቱን ያያል፣ ማዳበሪያውን ይዳብሳል፣ ከዚያ አባትና ልጅ ይለያያሉ።

«አባባ፣ እርስዎ እዚህ ጋ ነው የሚቆሙት።»

«ዕቃውን ላድርስለትና ልመለስ እንጂ ጌታዬ፤ ግቢውን አያውቀውም እኮ።»

«ሲኒየሮች ያደርሱታል። ወላጅ አይገባም።»

ሲኒየሮቹ በእርግጥም አሉ። ከአቀባበል ኮሚቴ የተመደቡ ልጆች ባጅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ማዳበሪያውን ትከሻቸው ላይ ያወጡታል። አንዱ ከዚያው ከጋይንት ከሆነ ነገሩ ያልቃል፤ አባት ልጃቸውን ለመንግሥት ሳይሆን ለአገራቸው ልጅ እንዳስረከቡ ቆጥረው በሰላም ይመለሳሉ።

ከበሩ ወዲያ የሚገዛው ዝርዝር ነው። በየብሎኩ መግቢያ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የዶርም ቁጥር የያዘ ወረቀት ይለጠፋል። ምደባው በብዙ ግቢዎች በፊደል ተራ ስለሚሠራ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አበበ ወይም ሁለት ትዕግሥት መገናኘታቸው የተለመደ ነው፤ የዕድሜ ልክ ጓደኝነት በስም የመጀመሪያ ፊደል የሚወሰንበት ሌላ ቦታ አላውቅም። የዶርም ተቆጣጣሪው፣ ፕሮክተሩ፣ ቁልፍ ያስረክባል፤ ፍራሹን፣ ደራርቡን አልጋና ሎከሩን ቆጥሮ ያስፈርማል። ያ ፊርማ በመጨረሻው ዓመት በክሊራንስ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ የተሰበረ ሎከርና የጠፋ ቁልፍ ተቆጥሮ ካልተከፈለ ወረቀት አይሰጥም።

እንግዲህ ማን ነው እዚያ ዝርዝር ላይ የሚገባው? መልሱ ከሚገመተው በላይ ጠባብ ነው። ለዓመታት በነበረው አሠራር ትምህርት ሚኒስቴር በዚያ ዩኒቨርሲቲ የመደበው፣ በመደበኛው የቀን መርሐ ግብር የሚማር፣ በየሴሚስተሩ የተመዘገበና የወጪ መጋራት ውል የፈረመ ተማሪ አልጋ አለው። የማታ፣ የእረፍት ቀናትና የርቀት ተማሪ የለውም። ከትምህርት ቤቱ ጎን የተወለደም ሆነ አገር አቋርጦ የመጣ ለውጥ የለውም፤ መርሐ ግብሩ «መደበኛ» ካላለ ቤት መፈለግ የራሱ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ወንፊት አለ፤ እሱም በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ነው። በ2015 መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ ነባሮቹ ተማሪዎች ዶርማቸውን ለቀው ወጡና ከየወረዳው በመኪና የተጫኑ ተፈታኞች ገቡበት። ለብዙ የገጠር ልጅ ዶርም ውስጥ ያደረበት የመጀመሪያ ሌሊት ይኸው ሆነ፤ ለብዙዎቹም የመጨረሻው። ውጤቱ ሲወጣ ከ900 ሺህ ግድም ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2 ሆነ፤ በ2016 ፈተና 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። በሺህ ለሚቆጠር ተማሪ የተሠሩ ብሎኮች በአንድ ጊዜ ባዶ ሊቀሩ ሆነ። የሪሚዲያል መርሐ ግብር የመጣው ከዚያ ከመጀመሪያው ውጤት በኋላ ነው። ከ50 በታች ያመጡ፣ ግን የተቆረጠውን ነጥብ ያሟሉ ልጆች ግቢ ገብተው አቅማቸውን እንዲያሻሽሉ ተደረገ። እነሱም ይተኛሉ፣ ካፌ ይበላሉ፤ ነገር ግን አልጋቸው የውሰት ነው። የማጠቃለያውን ፈተና ያለፈ ፍሬሽማን ሆኖ ይቀጥላል፤ የወደቀ ያንን ነብር የታተመበት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይመለሳል።

የስማዳ ልጅ እዚህ ከመድረሱ በፊት ሌላ ማደሪያ አልፏል፤ ስለሱ ግን ማንም ደንብ አልጻፈም። ስማዳ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ገደል የሚወርድ ወረዳ ነው። ከቆላው ቀበሌ ተነስቶ ወገዳ ከተማ ተምሮ በዚያው ቀን ቤቱ መመለስ ለብዙ ልጅ አይሞከርም። በታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ በላይ ጋይንት ንፋስ መውጫ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ እንዲሁ ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ የገጠር ልጅ ከተማ ወርዶ ቤት ይከራያል።

ቤት ስንል አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። በአንደኛው በኩል መደብ አለ፤ ሁለቱ መደቡ ላይ፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው ይተኛሉ። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዴም ታላቅ ወንድምና ታናሽ እህት። ኪራዩን ይካፈሉታል፤ ስንቁን ግን እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣል። አርብ ከሰዓት ወደ አገር ቤት ይወጣል፣ እሑድ ማታ በእንጀራ፣ በድርቆሽ፣ በሽሮና በበሶ የታጨቀ ስልቻ ተሸክሞ ይመለሳል። ሰኞና ማክሰኞ ጥጋብ ነው። ረቡዕ እንጀራው ሻጋታ ይይዛል፤ የሚቀረው ድርቆሹ ነው። ሐሙስ ማታ የማን ስንቅ እንደተረፈ ሁሉም ያውቃል፤ ያ ልጅ የዚያን ቀን ወዳጁ ብዙ ነው።

አከራይቱ የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ወረቀት ላይ ባይሰፍርም ከፕሮክተሩ ደንብ አይለይም። «መብራት አታምሹ፤ ሰው አምጥታችሁ እንዳታሳድሩ፤ እሳቱን ሳታጠፉ እንዳትተኙ።» የመግቢያው መስፈርት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘብ። አባቱ እህል አልቆበት ኪራይ ያጓደለ ልጅ የሚጠብቀው ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ የለም። ለሴት ልጅ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በር የማይዘጋ ክፍል ውስጥ ልጁን የሚያስቀምጥ አባት ሌሊቱን አይተኛም፤ «ከምትበላሽብኝ ልዳራት» የሚለው ሐሳብ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ጭንቀት ጋር ነው። ስለ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ማቋረጥ ሲወራ ባህል ይነሳል፣ ድህነት ይነሳል። የተከራየችው ክፍል መቀርቀሪያ ያለው መሆኑን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዚህ አገር ተማሪን ማሳደር ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረ ሥራ ነው። ድጓ የሚሻ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ዙር አምባ ይወጣል፤ የተክሌን አቋቋም የሚፈልግ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጅ ይጠናል። የእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪ የሚያድረው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከእንጨትና ከሣር ራሱ በሠራት ጎጆ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ወዲያው ጎጆ አይኖረውም። ከአገሩ ልጅ ወይም ከታላቅ ተማሪ ዘንድ ተጠግቶ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ከዚያ የራሱን ይቀልሳል ወይም አስመስክሮ የሄደ ተማሪ የተዋትን ይወርሳል። የማደሩ ፈቃድ ከየኔታ ነው፤ መባረሩም እንዲሁ።

የምግቡ ሥርዓት ደግሞ በርቀት ላይ የቆመ ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነው ከአገሩ ርቆ ነው። መንደርተኛው የሚሰጠው ልጁ ባዳ ስለሆነ ነው፤ እናቱ ማዶ እንዳለች ቢያውቅ «ለምን ከቤትህ አትበላም» ባለው። ለዚህም ይመስላል የጎጃሙ ልጅ ጋይንት፣ የጋይንቱ ልጅ ጎጃም የሚማረው። መስፈርቱ የተጻፈ ባይሆንም ጥርት ያለ ነው፤ የራቀ ይጠለል፣ የቀረበ ከቤቱ ይመላለስ።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመርም ነገሩ በማሳደር ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 በሩን ሲከፍት ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩና መንግሥት አብልቶ፣ አሳድሮ ያስተምራቸው ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን አዳሪነቱ ቀረና ተማሪው ጥቂት ገንዘብ እየተሰጠው ከተማ ውስጥ ቤት እንዲከራይ ተደረገ። ወቅቱ ተማሪዎቹ በኮሌጅ ቀን በሚያነቧቸው ግጥሞች መንግሥትን ማስቆጣት የጀመሩበት ስለነበር ውሳኔውን ከዚያ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ታሪኩን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው፤ አልጋ የሚሰጥ መንግሥት አልጋ መንሳትም እንደሚችል ተማሪው ያን ጊዜም ያውቅ ነበር።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ናቸው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሲሆኑ ሁሉም ለማለት ይቻላል እንደ አዳሪ ትምህርት ቤት የተሠሩ ናቸው፤ ዶርም፣ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት በአንድ አጥር ውስጥ። ምክንያቱ ምድቡ አገር አቀፍ መሆኑ ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ሥራ ሲጀምር ከሌላ ክልል ለሚመጣ በሺህ ለሚቆጠር ልጅ የሚበቃ የኪራይ ክፍል ከተማው ውስጥ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አልጋው የምድቡ ተከታይ ሆነ። የጋምቤላ ልጅ ከጉና ሥር ብርድ ጋር ሲተዋወቅ የስማዳ ልጅ ደግሞ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ከተማ ይደርሰዋል።

ይህ ርቀት ዋጋ አስከፍሏል። በ2012 በየግቢው ግጭት ተነስቶ፣ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለው፣ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ልጆች ታግተው በነበረ ጊዜ የደቡብ ጎንደር ቤተሰብ ጥያቄ ስለ አልጋ መሆኑ ቀርቶ ልጁ የሚተኛው ከማን ጎን እንደሆነ ሆነ። ከ2013 ወዲህ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ መጣ። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 በጦርነቱ ተይዛ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባለው ግጭት ደግሞ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ምደባ በበይነ መረብ በሚወጣበት ዘመን ኢንተርኔት የሌለው ልጅ የመለያ ቁጥሩን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በስልክ ነግሮ «ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ» ይላል። ዝርዝሩ ላይ ስሙ ቢኖርም የጥሪው ቀን ሳይደርስ መንገዱ ሊከፈትለት ይገባል።

ብዙ ወላጅ አልጋውና ምግቡ ነፃ ይመስለዋል። ከ1996 ወዲህ ግን ብድር ነው። በወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ውሉ ላይ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ወይም ሁለቱንም ብሎ መምረጥ ይቻላል፤ በዓይነት ወይም በገንዘብ የሚለውም አለ። ካፌ የማይበላው ኖን ካፌ ይባላል፤ የምግቡን ገንዘብ በወር ተቀብሎ ውጭ ይመገባል። ያ ገንዘብ ለዓመታት በቀን 15 ብር ሂሳብ ነበር፣ ኋላ 22 ሆነ፤ በ2017 ነው 100 የደረሰው። በ22 ብር ዘመን አንድ ኖን ካፌ በወር 660 ብር ይዞ ምን ይበላ እንደነበር ለማስላት የሒሳብ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። በዚያን ጊዜ ካፌ የቀረ የገጠር ልጅ እምብዛም አልነበረም። ካፌው ምን ቢጠላ፣ ሽሮው ምን ቢቀጥን፣ ሐሙስ ማታ ስንቅ የማለቅን ነገር ላወቀ ልጅ በምግብ ካርድ (ሚል ካርድ) በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላበት ቦታ ነው።

ከዝርዝሩ ስለሚወጡት ላውራ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አልጋው ስለማይበቃው ለከተማዋ ልጆች ዶርም ሳይሰጥ ለዓመታት ኖሯል፤ ከቤታቸው እየተመላለሱ እንዲማሩ ነው። የጉባኤ ቤቱ ሕግ እዚህም አለ ማለት ነው። ነገር ግን በጉባኤ ቤት ማን ባዳ እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል፤ በዩኒቨርሲቲ የሚያውቀው ወረቀት ነው። ከስማዳ መጥቶ አጎቱ ቤት እየተላላከ 12ኛን አዲስ አበባ የጨረሰ ልጅስ የየት ልጅ ነው? አጎቱ የሚኖረው በአንዲት የቀበሌ ቤት ክፍል ውስጥ ከአምስት ልጆቹ ጋር ቢሆንስ? ደንቡ አድራሻ ይጠይቃል እንጂ አድራሻው ውስጥ የጥናት ጠረጴዛ የሚቀመጥበት ቦታ መኖሩን አይጠይቅም።

አንዳንድ ጉዳይ በልዩ ሁኔታ ይታያል። አካል ጉዳተኞች፣ ከባድ ሕመም ያለባቸው በሐኪም ማስረጃ፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ አብረው መመደብ የሚፈልጉ መንትዮች ለሚኒስቴሩ አመልክተው ምድባቸውን ማስቀየር የሚችሉበት አሠራር አለ። ዶርም ውስጥም ማየት ለተሳነው ወይም በዊልቸር ለሚሄድ ተማሪ የምድር ቤት ክፍል ይፈለጋል፤ ደራርብ አልጋ ከሆነ ታችኛው የእሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በመሃል የሚወጣው ነው። ነጥቡ ወርዶ የተሰናበተ፣ ታሞ የማቋረጫ ቅጽ (ዊዝድሮዋል) የሞላ፣ በሥነ ምግባር የታገደ ተማሪ ክሊራንስ አዙሮ ቁልፉን ይመልሳል። የወረቀቱ ሥራ የሁለት ቀን ነው። ሆኖም ለስንብቱ ይግባኝ ያለ ወይም በሚቀጥለው ሴሚስተር ዳግም ቅበላ (ሪአድሚሽን) የሚጠብቅ ልጅ ወዴት ይሂድ? ስማዳ ቢመለስ አባቱ ምን ይለዋል፣ ጎረቤት ምን ይላል? ስለዚህ ሳይወጣ ይቀራል። ጓደኛው አልጋ ላይ ራስና እግር ሆኖ ይተኛል፤ ደባል ይሆናል። ካፌ ሚል ካርዱ አይሠራም፣ ዶርሜቶቹ በላስቲክ ፓስታና ዳቦ ያመጡለታል። ፕሮክተሩ ለቆጠራ ሲመጣ ሽንት ቤት ነው፣ ላይብረሪ ነው፣ ልብስ ሊያጥብ ሄዷል። ፕሮክተሩም አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ሰው፣ የልጆች አባት ነውና ትርፉን ጫማ ከአልጋ ሥር አይቶ እንዳላየ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ይህን ምሕረት ደንቡ አያውቀውም፤ ደንቡን ተግባራዊ የሚያደርጉት ግን ሰዎች ናቸው።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይወጣል። ብሎኩ ይቆለፋል፣ ወይም በአንዳንድ ግቢዎች ለክረምት ሰልጣኝ መምህራን ይለቀቃል። የጋይንትና የእስቴ መምህር የራሱ ተማሪ የነበረ ልጅ በተኛበት አልጋ ላይ ተኝቶ ዲግሪውን ያሻሽላል።

አሁን ወደ አዲሱ ነገር። የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ፣ ቁጥር 1294፣ በ2015 ጸድቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ በራሳቸው ወጪ የሚማሩ መደበኛ ተማሪዎችንም ይቀበላል። ቀጥለው ተራ ከያዙት መካከል የዚህ አካባቢ ልጆች ሲመደቡባቸው የኖሩት ጎንደርና ባሕር ዳር አሉ። ሐሳቡን በደፈናው አልቃወምም። ዩኒቨርሲቲ ሰባት ሺህ ሰው እያበላና እያጠበ ምርምር ሊሠራ አይችልም የሚሉ መምህራን የሚሉት እውነት አለው። ግን ምግብና አልጋ ከምድብ ተላቆ በክፍያ ሲሆን፣ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ድጋፍ ይሰጣል ሲባል፣ ያ እስከ ዛሬ ያልተጠየቀው ጥያቄ ይጠየቃል። አለመቻልህን በምን ታስረዳለህ?

ሌሎች አገሮች ይህን በወረቀት ፈትተውታል። ፈረንሳይ ውስጥ የመንግሥት የተማሪ መኖሪያ የሚያከፋፍለው ክሩስ የሚባለው መሥሪያ ቤት የወላጅን ዓመታዊ ገቢ ከግብር ማስታወቂያቸው ላይ ያነባል፤ ስንት ልጅ እንደሚያስተምሩ ይቆጥራል፤ ከወላጅ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲው ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ አንድ ነጥብ፣ 250 ሲያልፍ ሁለት ነጥብ ይጨምራል። ያማረ ሥርዓት ነው። የቆመው ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በየዓመቱ ገቢውን በሚያሳውቅበት አገር ላይ ነው።

የስማዳ ገበሬ የደመወዝ ወረቀት የለውም። ገቢው ጤፉና ገብሱ፣ በጉና ዶሮው ነው፤ በረዶ በመታው ዓመትና ባልመታው ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። እጁ ላይ ያለው ወረቀት የመሬት ይዞታ ደብተሩ ነው፤ ደብተሩ ደግሞ የመሬቱን ስፋት እንጂ ድንጋዩን አይጽፍም። ሌላው ለድሃ ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ዝርዝር ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1997 ጀምሮ የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። ያ ዝርዝርም ቢሆን ኮታ አለው። ጎረቤቱ ገብቶ እሱ የቀረ፣ ወይም በሁለት በግና በአንድ ጊደር «ራሱን ችሏል» ተብሎ የወጣ ቤተሰብ በወረቀት ሲታይ ድሃ አይባልም፤ ልጁ ግን ዩኒቨርሲቲ የደረሰው በዚያው ዓመት ሊሆን ይችላል።

የሚቀረው የቀበሌ ደብዳቤ ነው። «ነዋሪያችን አቶ እገሌ ገቢ የሌላቸው መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚለውን ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ለሁሉም የሚጽፈው በአንድ ቃል ነው፤ ሌላ ሊጽፍም አይችልም። ነገ በሰንበቴና በቀብር አብሮት የሚቆመውን ጎረቤቱን «አንተ ድሃ አይደለህም» ብሎ በምን አንጀቱ ይመልሰዋል? ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ማኅተሙ ያለበትም የሌለበትም ልጅ በመስኮቱ ፊት እኩል ይጠረጠራሉ። ያኔ የሚያሸንፈው ሰው የሚያውቅ፣ ቢሮ መመላለስ የሚችል፣ አዲስ አበባ የሚያርፍበት ዘመድ ያለው ነው። ጠያቂ ኮሚቴ ከማቋቋም በፊት ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት፣ ከቤቱ ርቆ ለተመደበ ለማንኛውም መደበኛ ተማሪ፣ በብድሩም ቢሆን አልጋውን ያለ ጥያቄ መስጠት ይቀላል፤ ወጪውም ኮሚቴው ከሚበላው ወረቀትና አበል ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም።